የአውሮፕላን ጭራ ቅስቶችን ከስስ ጣውላ ማነባበር

መስከረም 2017 ዓ.ም.፣ የመጨረሻው ሳምንት፦ እንጨቱ

የዚህ ማስታወሻ ጉዳይ የአውሮፕላኑ ጭራ ጫፎች ናቸው። ንድፉ በርናርድ ፒተንፖል እ.ኤ.አ. በ1929 በአሜሪካዋ ሚኔሶታ ግዛት በፎርድ ሞዴል ኤ የመኪና ሞተር ካበረረው ኤር ካምፐር ከተባለው ባለ ሁለት መቀመጫ የእንጨት አውሮፕላን የተወሰደ ሲሆን፣ የስታቢላይዘሩንና (የማይንቀሳቀሰው አግድም የጭራ ክንፍ) የኤሌቬተሩን (ከኋላው ተያይዞ አፍንጫውን ወደ ላይና ወደ ታች የሚመራው ተንቀሳቃሽ ክፍል) ጫፎች ግን ክብ እንዲሆኑ ቀይሬያቸዋለሁ። እያንዳንዱ ቅስት ውፍረቱ 20 ሚሊ ሜትር፣ ወርዱ 25 ሚሊ ሜትር፣ ርዝመቱ ደግሞ መጋጠሚያው ሳይቆጠር 550 ሚሊ ሜትር አካባቢ ነው። በጣም በሚጠብበት ቦታ ሬዲየሱ 220 ሚሊ ሜትር ይሆናል።

ቅስቱን ከአንድ ሰፊ ጣውላ ቆርጦ ማውጣት ቀላል ይመስላል፤ ነገር ግን ቃጫው ቀጥ ብሎ ስለሚሄድ ቅስቱ በሚዞርበት ቦታ ሁሉ ይቋረጣል፣ እንጨቱም እዚያው ላይ በትንሽ ጫና ይሰነጠቃል። 20 ሚሊ ሜትር ውፍረት ያለውን ጣውላ እንዳለ ማጠፍም የማይሆን ነው፤ በ220 ሬዲየስ ሲታጠፍ የውጭው ፊት 4.5 በመቶ ያህል መለጠጥ ይኖርበታል፣ ደረቅ እንጨት ግን አንድ በመቶ አካባቢ ሲደርስ ይሰበራል። ስለዚህ ስስ ጣውላዎችን በፎርማ (ቅርጽ ማስያዣ) ላይ አጥፎ አንዱን ባንዱ ላይ ማጣበቅ ብቻ ይቀራል።

በመስኩ እንደ መነሻ የሚወሰደው የአሜሪካ ፌዴራል አቪዬሽን አስተዳደር ኤሲ 43.13-1ቢ የተባለው መመሪያ ሲትካ ስፕሩስን መለኪያ አድርጎ ያስቀምጣል። ይህ ዛፍ የሚበቅለው በሰሜን አሜሪካ የፓስፊክ ዳርቻ ስለሆነ፣ በተለይ ብር ከሐምሌ 2016 ጀምሮ በገበያ እንዲመራ ከተደረገ በኋላ፣ ለጭራ ጫፍ የሚሆን ስፕሩስ ማስመጣት ከእንጨቱ ዋጋ ይልቅ የማጓጓዣውና የቀረጡ ጉዳይ ይሆናል። ለክንፍ ስፓር (የክንፉን ጭነት ለሚሸከመው ዋና ወጋግራ) ስፕሩሱን ማስመጣቴ አይቀርም፤ በዚያ ላይ ድርድር የለም። የጭራ ቅስት ግን የሚሸከመው ሸራውን ወጥሮ መያዝንና መጠነኛ የአየር ግፊትን በመሆኑ፣ በአገር ውስጥ እንጨት ሊሠራ እንደሚችል ገምቼ ወደ ዝግባ ዞርሁ።

ዝግባ በ1986 የወጣው የደን አዋጅ ከኮሶ፣ ከዋንዛና ከጥድ ጋር ከመንግሥት ደን እንዳይቆረጥ የከለከለው ዛፍ ነው። በሕጋዊ መንገድ በእጄ የገባው ፒያሳ አካባቢ ከፈረሱ አሮጌ ቤቶች የወጣ የወለል ጣውላ ሲሆን፣ ሻጩ ለማገዶ ከሚሸጠው ክምር ለይቶ በ2,600 ብር ሰጠኝ። ጣውላው ከዕድሜው የተነሳ ደርቆ የተረጋጋ ነው፤ ችግሩ ሚስማሩ ነው። ሁለቱንም ፊት በማግኔት ካሰስሁ በኋላ እንኳ አንድ ራሱ የተቆረጠ ሚስማር አምልጦ የሰርኩላር መጋዙን ምላጭ ሦስት ጥርስ በልቶብኛል፤ ምላጩን ለማስሞረድ የተከፈለው 350 ብር ከጣውላው ሒሳብ ላይ ይደመራል።

የአውሮፕላን እንጨት የቃጫ መዘንበል በ15 ሴንቲ ሜትር ርዝመት ከ1 ሴንቲ ሜትር መብለጥ የለበትም። በስፕሩስ ላይ ይህን የዕድገት ቀለበቶቹን አይቶ መገመት ይቻላል፤ የዝግባ ቀለበት ግን በዓይን እምብዛም አይለይም። ስለዚህ በተላገው ፊት ላይ የብዕር ቀለም ጠብ አድርጌ ጠበቅሁ። ቀለሙ መጀመሪያ ክብ ሆኖ ይቀመጣል፤ ቀጥሎ ከክቡ ጠርዝ እንደ ፀጉር የቀጠኑ ሰማያዊ መስመሮች በሁለቱም በኩል ይወጣሉ፣ እነሱም ቃጫውን ተከትለው ይሄዳሉ። መስመሮቹን በማስመሪያ አራዝሜ ከጣውላው ጠርዝ ጋር ያላቸውን ልዩነት ለካሁ። ለማረጋገጥ ከእያንዳንዱ ጣውላ ጫፍ ቁራጭ ወስጄ በመሮ ሰነጠቅሁ፤ ስንጥቁ የሄደበት መንገድ ከቀለሙ ጋር ገጠመ። ከጣውላዎቹ ግማሽ የሚሆኑት በ18 አንድ ገደማ ስለነበሩ አለፉ። በ10 አንድ የሚዘነብሉት ለፎርማ መደገፊያ ተለዩ።

ጥቅምት፣ ሁለተኛው ሳምንት፦ እርጥበት

ለማጣበቅ የሚመከረው የእንጨት እርጥበት ከ8 እስከ 12 በመቶ ነው። የኤሌክትሪክ መለኪያው ዋጋ ስለማይቀመስ የጥንቱን መንገድ ተከተልሁ፤ የፒያሳ ወርቅ ቤቶች የሚጠቀሙበትን ዓይነት ትንሽ ዲጂታል ሚዛን በ1,400 ብር ገዝቼ፣ ትኩስ ቁራጭ መዝኜ፣ ክብደቱ መቀነሱን እስኪያቆም በ103 ዲግሪ በምድጃ አደረቅሁት። ክረምቱ እንደወጣ የመዘንሁት ቁራጭ 50.2 ግራም ነበር፤ ሲደርቅ 44.0 ግራም ሆነ። የጠፋው 6.2 ግራም ውኃ ለደረቁ እንጨት ሲካፈል 14 በመቶ ይሰጣል፤ ይህ ለሙጫ የሚሆን አይደለም።

ጣውላዎቹን በመካከላቸው አየር እንዲያልፍ በቀጫጭን እንጨት ለያይቼ ከጣሪያው ሥር ደርድሬያቸዋለሁ። የአዲስ አበባ በጋ ይህን ሥራ ያለ ወጪ ይሠራል። ኅዳር ላይ ሌላ ቁራጭ ስመዝን 84.6 ግራም የነበረው 76.9 ሆነ፤ 10 በመቶ ማለት ነው። አንባቢ ይህን ሥራ በሐምሌ ለመጀመር ካሰበ ምክሬ ፎርማውን ብቻ እየሠራ መስከረምን እንዲጠብቅ ነው።

ጥቅምት፣ መጨረሻው፦ የእንፋሎት ሙከራ

የሥራ ቤቱ ከቸርችል ጎዳና በታች፣ ከተክለ ሃይማኖት አደባባይ ብዙም በማይርቅ ግቢ ውስጥ ነው። እዚያው ግቢ የቤት ዕቃ የሚሠሩ አንድ አዛውንት አናጢ አሉ። ጣውላውን በ2 ሚሊ ሜትር ለመሰንጠቅ ማሰቤን ሲሰሙ አልተዋጠላቸውም።

«ልጄ፣ ግማሹን እንጨት ሰጋቱራ ልታደርገው ነው እኮ። ለምን ወፈር አድርገህ በእንፋሎት አታጥፈውም?»

«ጋሼ፣ በእንፋሎት የታጠፈ እንደገና መድረቅ አለበት፤ ሙጫው እርጥብ አይወድም።»

«ይደርቃላ! ማን አስቸኮለህ?»

ሐሳባቸው ሊናቅ የሚገባው አልነበረም፤ አራት ባለ 5 ሚሊ ሜትር ጣውላ ከአሥር ባለ 2 ሚሊ ሜትር ይልቅ በመጋዝ የሚጠፋውን እንጨት በእጅጉ ይቀንሳል፣ የሙጫውንም መስመር ከዘጠኝ ወደ ሦስት ያወርዳል። ከምናለሽ ተራ የገዛሁትን የብረት ቱቦ ከአንድ ጀሪካን ጋር አገናኝቼ፣ ቱቦውን በጆንያ ጠቅልዬ፣ ጣውላዎቹን ለውፍረታቸው ይበቃል በሚባለው ጊዜ ልክ አስቀመጥኋቸው። ከፎርማው ላይ ሲታጠፉ ከፊሎቹ በውጭ ፊታቸው ተሰነጠቁ፤ ያልተሰነጠቁት ደግሞ በውስጥ ፊታቸው ላይ በጥፍር ሲዳሰሱ የሚታወቁ ጥቃቅን የመጨማደድ መስመሮች አወጡ። እነዚህ መስመሮች ቃጫው ተጨፍልቆ መሰበሩን ያሳያሉ፤ ቀለም ከተቀባባቸው በኋላ የሚያያቸው የለም፣ ስለዚህም ከስንጥቁ የከፉ ናቸው።

አንዱ ምክንያት ከተማችን ናት። እዚህ ከባሕር ወለል በላይ 2,350 ሜትር አካባቢ ላይ ስለሆንን ውኃ የሚፈላው በ100 ሳይሆን በ92 ዲግሪ ገደማ ነው፤ ክፍት የሆነ የእንፋሎት ሳጥንም ከዚያ በላይ አይሞቅም። እንጨትን በዋናነት የሚያለሰልሰው ሙቀቱ ነው፣ እርጥበቱ ረዳት ነው። መጻሕፍቱ የሚሰጡት ጊዜ በባሕር ወለል ለሚገኝ እንፋሎት የተሰላ በመሆኑ እዚህ መራዘም አለበት። ሲራዘም ደግሞ እንጨቱ ተጨማሪ ውኃ ይጠጣል፣ ያብጣል፣ ከዚያም በፎርማው ላይ ለሳምንታት መድረቅ ይጠበቅበታል። ዝግባ ለእንፋሎት እጁን በቀላሉ የሚሰጥ እንጨት አለመሆኑም ታይቷል። ሌላው ምክንያት በወረቀት ላይ ያለ ነው፤ ቀጥሎ እመጣበታለሁ። እንፋሎቱን በዚህ ዘጋሁት፤ አዛውንቱም የተጨማደደውን ፊት በመነጽራቸው አይተው «ይሄስ ሰው አይጭንም» ብለው አሳረጉልኝ።

ኅዳር፣ መጀመሪያው፦ የጣውላ ውፍረትና ፎርማ

የተነባበረ ቅስት ከፎርማው ሲወጣ ትንሽ መልሶ ይዘረጋል። የመዘርጋቱ መጠን በጣውላዎቹ ቁጥር ይወሰናል፤ እኩል ውፍረት ያላቸው ጣውላዎች ቁጥር በራሱ ተባዝቶ አንድ ለዚያ ሲካፈል የሚጠፋውን የጉብጠት ድርሻ ይሰጣል። አራት ጣውላ ከሆነ አንድ አሥራ ስድስተኛ፣ ማለትም 6.25 በመቶ ይጠፋል፤ አሥር ከሆነ አንድ በመቶ ብቻ ነው። በእኔ ቅስት ርዝመትና አማካይ ሬዲየስ ይህ ሲሰላ አራቱ ጫፉን በ27 ሚሊ ሜትር ያህል ይከፍቱታል፣ አሥሩ ግን በ4 ሚሊ ሜትር ገደማ። 4 ሚሊ ሜትርን ፎርማውን በጥቂቱ አጥብቦ ማካካስ ይቻላል፤ 27ን ማካካስ ግን ግምት ላይ መደገፍ ነው። በዚያ ላይ 2 ሚሊ ሜትር ጣውላ በ220 ሬዲየስ ሲታጠፍ ፊቱ የሚለጠጠው 0.45 በመቶ ብቻ ስለሆነ፣ በደረቁ፣ ያለ እንፋሎት፣ በእጅ ይታጠፋል። ውፍረቱ ከሬዲየሱ አንድ መቶኛ ከሆነ አያስቸግርም የሚለው የሠሪዎች ልማድ የመጣውም ከዚሁ ነው።

ስለዚህ አሥር ባለ 2 ሚሊ ሜትር ጣውላ። አናጢው ስለ ሰጋቱራው የተናገሩት ግን እውነት ነበር፤ የምላጩ መንገድ 2.2 ሚሊ ሜትር ስለሚበላ ከግማሽ በላይ የሆነው እንጨት ወለል ላይ ቀረ። በሰርኩላሩ ላይ ስስ ጣውላ ሲሰነጠቅ፣ የተሰነጠቀው ቁራጭ በመመሪያውና (ጣውላው ተደግፎት የሚሄደው የመጋዙ ቀጥ ያለ መደገፊያ) በምላጩ መካከል ተይዞ ወደ ሠሪው እንዳይወረወር፣ የሚቆረጠው ስስ ጣውላ ከመመሪያው ተቃራኒ በኩል መውደቅ አለበት። ይህ በየቅጠሉ መመሪያውን ማንቀሳቀስ ስለሚጠይቅ አሰልቺ ነው፤ ሆኖም ግማሽ ጣት ከማጣት ይሻላል። ጣውላዎቹን በካሊፐር ለክቼ ከ1.9 እስከ 2.1 ያሉትን ብቻ አስቀረሁ፣ ከአንድ ጣውላ የወጡትንም በወጡበት ቅደም ተከተል ቁጥር ጻፍሁባቸው።

የግራና የቀኝ ቅስት አንድ ዓይነት መሆን ስላለበት ሁለቱን ለየብቻ አላነባብርም። ወርዱ 60 ሚሊ ሜትር የሆነ አንድ ሰፊ ቅስት አነባብሬ፣ ከደረቀ በኋላ በባንድ ሶው (የቀበቶ መጋዝ) ከመሃል እሰነጥቀዋለሁ። ሁለቱ ግማሾች ከአንድ ፎርማ፣ ከአንድ ሙጫ፣ ከአንድ ሌሊት የወጡ ስለሚሆኑ መልሰው የሚዘረጉትም እኩል ነው።

ፎርማው ከአራት ድርብ 18 ሚሊ ሜትር ኤምዲኤፍ የተሠራ ሲሆን፣ ከጀርባው የክላምፕ (የመቆንጠጫ ማሰሪያ) መንጋጋ የሚገባባቸው ቀዳዳዎች በክቡ ዙሪያ ተከፍተውለታል። ጠርዙ ከመሠረቱ ጋር ፍጹም ቀጥ ያለ መሆኑን በስኳድራ ማረጋገጥ ያስፈልጋል፤ ግማሽ ዲግሪ ቢያዘነብል የተነባበረው ቅስት ጠመዝማዛ ሆኖ ይወጣል፣ ያንን የሚያቃና ደግሞ የለም። ኢፖክሲ የተባለው፣ ሁለት ነገር ተደባልቆ የሚጠነክረው ሙጫ እንዳይዘው ሙሉውን በካርቶን ማሸጊያ ስኮች ሸፍኜ ጠርዞቹን ሰም ቀባኋቸው። ኤምዲኤፉ 4,200 ብር ፈጅቷል፤ ኮምፔንሳቶ የተሻለ ይሆን ነበር፣ ዋጋው ግን ፎርማ ከሚገባው በላይ ነው።

ክላምፕ ሁልጊዜ ይጎድላል። ጥሩ የብረት ክላምፕ የገዛሁት በጣም ለሚጠብበት ቦታ ብቻ ነው። ቀሪውን ስፍራ ከ110 ሚሊ ሜትር የፍሳሽ ቱቦ በ25 ሚሊ ሜትር ስፋት እየቆረጥሁና በአንድ ቦታ እየከፈትሁ በሠራኋቸው ቀለበቶች ሸፈንሁት፤ ቀለበቱ በእጅ ተከፍቶ ይገባል፣ ሲለቀቅም ራሱ ይጨብጣል። ጫፎቹ ላይ ደግሞ ከመኪና ከመነዳሪ የተቆረጠ ጎማ ጠቅልዬ እወጥራለሁ።

ኅዳር፣ አጋማሹ፦ ቫኩም

ክላምፕን ሙሉ በሙሉ ለመተው አንድ ሐሳብ ነበረኝ። ከምናለሽ ተራ የተገዛ የፍሪጅ ኮምፕረሰር በመሳቢያ በኩሉ ጥሩ የቫኩም ፓምፕ ይሆናል። ቅስቱን ከነፎርማው በወፍራም ፕላስቲክ ከረጢት ከትቶ አየሩን ማውጣት ግፊቱን በሁሉም ቦታ እኩል ያደርገዋል።

ጌጁ 0.7 ባር ላይ ደርሶ ቆመ። ከረጢቱን ቀየርሁ፣ መታሸጊያውን በሳሙና አረፋ ፈተሽሁ፣ የቱቦውን ማያያዣ አጠበቅሁ፤ መርፌው ግን ከቦታው አልተነቃነቀም። አየር የሚሾልክበትን ቦታ ከመፈለግ ያስቆመኝ ሒሳቡ ነው፤ በዚህ ከፍታ የከባቢ አየር ግፊት 0.76 ባር አካባቢ ብቻ ነው። ቫኩም የሚጫነው በውጭ ባለው አየር ስለሆነ፣ የዓለም ምርጡ ፓምፕ ቢገጠም እንኳ አዲስ አበባ ላይ ከ0.76 አያልፍም፣ በባሕር ወለል ከሚገኘውም ሩብ ያህል ያነሰ ነው። ኮምፕረሰሩ ምንም አልጎደለውም።

0.7 ባር ለኢፖክሲ በቂ ነው፤ ኢፖክሲ መገናኘትን እንጂ መጨፍለቅን አይፈልግም። ችግሩ ሌላ ነበር፤ ለሙከራ በደረቁ ሲሳብ፣ ፕላስቲኩ ጠባቡ ቦታ ላይ ከመድረሱ በፊት ከሁለቱ ጎን ይወጠርና ጣውላዎቹን ከፎርማው በ1 ሚሊ ሜትር ያህል ከፍ አድርጎ ያንጠለጥላቸዋል። ያንን ክፍተት በሙጫ መሙላት ክብደት መጨመር ነው። ቫኩሙን ለክንፍ ጠርዝ ኮምፔንሳቶ አቆይቼ ወደ ክላምፕ ተመለስሁ።

ኅዳር፣ መጨረሻው፦ ሙጫ

የሙጫ ምርጫው በሁለት መካከል ነበር። ሬዞርሲኖል በውኃና በሙቀት ዘመናትን የተፈተነ ነው፤ ነገር ግን ቢያንስ 21 ዲግሪ ሙቀት፣ ከፍተኛ ግፊትና ክፍተት የሌለው መጋጠሚያ ይፈልጋል፣ ሦስቱም በእኔ ሥራ ቤት በኅዳር ሌሊት የሉም። ቲ-88 የተባለው ኢፖክሲ በእኩል መጠን ይደባለቃል፣ ቀጭን ክፍተት ይሞላል፣ ብርድንም ይታገሣል። ድካሙ ሙቀት ነው፤ በጥቁር ቀለም የተቀባ አውሮፕላን በፀሐይ ሲቆም ሊለሰልስ ይችላል። ስለዚህ ጭራው ነጭ ወይም ክሬም ይሆናል፣ በዚህ ላይ የቤተሰብ ድምፅ አልተሰበሰበም። የአብዛኛው ኢፖክሲ ማጠንከሪያ በአደገኛ ዕቃነት ስለሚመደብ በመንገደኛ ሻንጣ አይመጣም፤ የእኔ በጭነት የመጣ ሲሆን ከጠቅላላው ወጪ ትልቁን ድርሻ የወሰደውም እሱ ነው።

ከማጣበቅ በፊት ሁለት ነገር ያስፈልጋል። የመጀመሪያው የጣውላው ፊት ነው። በተሰነጠቀ ማግስት ባለው ፊት ላይ የውኃ ጠብታ ወዲያው ጠፍጥፎ ይሰርጋል፤ ለሳምንት የቆየው ላይ ግን ጠብታው ክብ ሆኖ ይቆማል። ውኃ የማይቀበል ፊት ሙጫም አይቀበልም። ስለዚህ በቆዩት ላይ ባለ 80 ብርጭቆ ወረቀት በቃጫው አቅጣጫ አስኬድሁና ዱቄቱን ጠረግሁ። ሁለተኛው የደረቅ ልምምድ ነው፤ አሥሩን ጣውላ ያለ ሙጫ በፎርማው ላይ አስሮ፣ እያንዳንዱን ክላምፕ በቅደም ተከተሉ መልሶ መፍታት። የተደባለቀ ኢፖክሲ የሚሰጠው ጊዜ ከግማሽ ሰዓት ብዙም አይበልጥም፣ በዚያ ጊዜ ክላምፕ መፈለግ አይቻልም።

ለአንድ ሰፊ ቅስት 150 ግራም ያህል ኢፖክሲ ይበቃል። በሁለት ትናንሽ ዕቃ አድርጌ ነው የማዘጋጀው፤ በአንድ ጥልቅ ኩባያ ውስጥ ብዙ ከተደባለቀ ራሱን አሙቆ ሳይጠበቅ ይጠነክራል። በሁለቱም ፊት በስሱ ተቀብቶ፣ ከመሃል ጀምሮ ወደ ጫፎቹ ይታሰራል። ከመሃል መጀመር የግድ ነው፤ ጣውላዎቹ ሲታጠፉ አንዱ ባንዱ ላይ ስለሚንሸራተቱ፣ ሁለቱ ጫፎች ቀድመው ከታሰሩ መሃሉ መውጫ ያጣል። ክላምፑ የሚጠብቀው በሁሉም መስመር ቀጭን የሙጫ ዶቃ እስኪወጣ ብቻ ነው፤ ከዚያ ማለፍ መጋጠሚያውን ሙጫ ማስራብ ነው።

ከእያንዳንዱ ድብልቅ የሙከራ ቁራጭ አስቀራለሁ። የመጀመሪያውን ቅስት ሌሊቱን ካሳደርሁት በኋላ ቁራጩን በሞርሳ ይዤ በመሮና በመዶሻ ስከፍለው፣ ስንጥቁ በሙጫው መስመር ሄደ፤ ፊቱም ለስላሳና ብልጭ የሚል ነበር። ደህና የተጣበቀ ቁራጭ ሲሰበር ሁለቱም ፊት ላይ የተቀደደ ቃጫ መታየት አለበት፤ እንጨቱ ከሙጫው ቀድሞ ነው መሸነፍ ያለበት። የሌሊቱን ዝቅተኛ ሙቀት የያዘው ቴርሞሜትር 11 ዲግሪ ያሳያል። የኢፖክሲ የመጠንከር ፍጥነት በየ10 ዲግሪው ቅናሽ በግማሽ ያህል ስለሚቀንስ፣ ሙጫው ገና መንገድ ላይ ነበር። ቅስቱም ከፎርማው ሲወጣ ከታሰበው 4 ሚሊ ሜትር ይልቅ 14 ተዘረጋ፤ ያልጠነከረ ሙጫ ጣውላዎቹ ቀስ እያሉ እንዲንሸራተቱ ይፈቅዳልና። ከላዩ ላይም ቅባት የሚመስል ስስ ሽፋን ነበረው። ይህ ሽፋን በብርድና በእርጥበት የሚመጣ ሲሆን በውኃና በጨርቅ ይወገዳል፤ ሳይወገድ ቀጣይ ሙጫ ቢቀባበት ይላጣል። ያ ቅስት አሁን ለሰያፍ መጋጠሚያ መለማመጃ ሆኗል።

ታኅሣሥ፦ ሙቀት

በፎርማው ላይ ከእንጨት ዘንግና ከፕላስቲክ ድንኳን ሠራሁ። የዶሮ ጫጩት የሚሞቅበት ዓይነት አምፖል ውስጡን ወደ 25 ዲግሪ ያደርሰዋል። መብራት በጠፋ ሌሊት ግን ሁሉም ነገር ይቀዘቅዛል፤ ስለዚህ በፈላ ውኃ የተሞሉ ጀሪካኖችን ከፎርማው ሥር አስቀምጣለሁ። ሃያ ሊትር ውኃ የያዘውን ሙቀት ሌሊቱን ሙሉ ቀስ እያለ ስለሚለቅ፣ መብራት ባይመጣም እስከ ንጋት ድንኳኑ ከ18 ዲግሪ አይወርድም። ከአምፖሉ ይልቅ ጀሪካኑን አምናለሁ፤ ያለጠባቂ የሚያድር አምፖል ከሰጋቱራ ጋር በአንድ ክፍል አይስማማም።

ቅስቱ በፎርማው ላይ ሦስት ቀን ይቆያል። የተረፈው ሙጫ እንደ ማስቲካ ለስልሶ ባለበት በመጀመሪያው ጠዋት ጠርዙን በአሮጌ መሮ ማጽዳት ይገባል፤ ያ ሰዓት ካለፈ በኋላ የመላጊያ ምላጭ የሚያደነዝዝ ድንጋይ ይሆናል። በዚህ ደረጃ ብርጭቆ ወረቀት መጠቀም አይገባም፤ በቅጡ ያልጠነከረ ኢፖክሲ ብናኝ ቆዳን ያስቆጣል፣ አንዴ አለርጂ የሆነ ሠሪም ዕድሜ ልኩን ከኢፖክሲ ይለያል። ጓንትና ጭምብል ርካሽ ናቸው።

በሙቀት የተያዘው ቅስት 5 ሚሊ ሜትር ብቻ ተዘረጋ። የሙከራ ቁራጮቹ በሙሉ በእንጨቱ ተሰበሩ፤ በፊታቸው ላይ የተቀደደ የዝግባ ቃጫ ሞልቶ ነበር። ፎርማውን በልዩነቱ ልክ አጥብቤ የኤሌቬተሩን ቅስት ሳነባብር ከሥዕሉ ጋር ያለው ልዩነት ከ1 ሚሊ ሜትር በታች ሆነ።

ጥር፦ መሰንጠቅ፣ መጋጠም፣ ክብደት

ሰፊዎቹ ቅስቶች በባንድ ሶው ከመሃል ተሰንጥቀው ወደ 25 ሚሊ ሜትር ተላጉ። ጥንዶቹን ጀርባ ለጀርባ ሳስቀምጣቸው ብርሃን አያሳልፉም።

ቅስቱ ከቀጥተኛው የስታቢላይዘር ጠርዝ ጋር የሚገናኘው በ12 አንድ በሆነ ሰያፍ መጋጠሚያ ነው፤ ለ20 ሚሊ ሜትር ውፍረት 240 ሚሊ ሜትር ርዝመት ይወስዳል። ለዚህ ሲባል ስስ ጣውላዎቹ ከመጀመሪያው 900 ሚሊ ሜትር ሆነው ነበር የተቆረጡት። ሰያፉን ለመላግ ሁለቱን ቁራጮች አንዱን ካንዱ በ240 ሚሊ ሜትር ወደ ኋላ አስቀምጦ በአንድ ላይ መላግ ማዕዘኑን ያመሳስለዋል። የተነባበረውን ጫፍ ሲላጉ የሙጫው መስመሮች እኩል ርቀት ባላቸው ጥቁር ክሮች ሆነው ይወጣሉ፤ ክሮቹ ቀጥና ትይዩ ከሆኑ ሰያፉ ጠፍጣፋ ነው፣ ከጎበጡ መላጊያው ጫፉ ላይ ወርዷል ማለት ነው። ይህን ያህል ግልጽ መለኪያ ማንም ገበያ ላይ አይሸጥም።

አንድ ቅስት መጋጠሚያው ሳይቆጠር 160 ግራም ገደማ ይመዝናል። በስፕሩስ ቢሠራ በሠላሳ ግራም ያህል ይቀል ነበር። ለአራቱ 120 ግራም ትንሽ ይመስላል፤ ነገር ግን ጭራው ከሚዛን ነጥቡ ከሦስት ሜትር በላይ ስለሚርቅ፣ ይህን ለማመጣጠን ከሞተሩ አካባቢ 300 ግራም ያህል መጨመር ይጠይቃል። የአየሩ ጥግግት በባሕር ወለል ካለው 80 በመቶ ገደማ በሆነበት ከተማ፣ 40 የፈረስ ጉልበት ለሚያህል ሞተር የተነደፈ አውሮፕላን የሚያባክነው ግራም የለውም። ውፍረቱን ወደ 18 ሚሊ ሜትር መላግ አስቤ ተውሁት፤ የውጭውን ጣውላ መላግ ማለት ቃጫው ሳይቋረጥ ዙሮ የሄደውን ንብርብር መቁረጥ ነው። ክብደቱን ከመካከለኛዎቹ የስታቢላይዘር አጥንቶች ላይ እቀንሰዋለሁ።

አዛውንቱ አናጢ የተጠናቀቀውን ጥንድ በሁለት እጃቸው ይዘው ለማጠፍ ሞከሩ፤ ቅስቱ አልተበገረም። በ1928 እዚሁ አዲስ አበባ በጀርመናዊው ሉድቪግ ቬበር መሪነት የተሠራችው፣ ጣሊያን ወስዷት ከስምንት አሥርት ዓመታት በላይ ቆይታ በጥር 2016 የተመለሰችው «ፀሐይ» እንዲህ ዓይነት ቅስት ይኖራት እንደሆነ ጠየቁኝ። ቀርቤ ሳላይ አልመልስም አልኋቸው። «እንግዲያው ሄደህ እይ፣ እኔንም ይዘኸኝ ሂድ» አሉ።

ቀጣዩ የራደሩ (አውሮፕላኑን ወደ ግራና ወደ ቀኝ የሚመራው፣ ቀጥ ብሎ የቆመው የጭራ ክፍል) ቅስት ነው። እዚያ ጠባቡ ሬዲየስ 150 ሚሊ ሜትር ስለሆነ ጣውላው ወደ 1.5 ሚሊ ሜትር ይወርዳል፤ 20 ሚሊ ሜትር ለመሙላት ወደ 13 ጣውላ ያስፈልጋል፣ የሚዘረጋውም ከአንድ በመቶ በታች ይሆናል። በ1.5 ላይ የኔ ሰርኩላር ስለማይታመን ጣውላውን በባንድ ሶው በ2 ሚሊ ሜትር አውጥቼ በፕላነር ማሽን ላይ ከኤምዲኤፍ ቁራጭ ጋር በድርብ ማጣበቂያ ፕላስተር አያይዤ ለማሳነስ አስቤያለሁ። ከዝግባው የቀረው በቂ ነው፤ ኢፖክሲው ግን ለአንድ ጥንድ ብቻ ስለቀረኝ የደረቅ ልምምዱ ከዚህ በፊት ከነበረው ይረዝማል።